ሆዴ ሲጣራ ያልሰማው ዕጢ

የ2010 ዓ.ም. የስቅለት ዕለት ሜሪላንድ በሚገኘው ቤተ ክርስቲያናችን ስሰግድ ወደቅሁ። ከሐሙስ ማታ ጀምሮ እህል ውኃ አልቀመስኩም ነበር፤ ከጎኔ የነበሩትም እንደኔው። ከሰዓት በኋላ ላይ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቀዝቃዛ ላብ አጠመቀኝ፣ የካህኑ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚመጣ እየራቀ ሄደ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው አምቡላንስ ውስጥ አንድ ልጅ ጣቴን ወግቶ ስኳሬን ሲለካ ነው። 38 ነበር። ጤነኛ ሰው ቢጾም እንኳ ከ70 ብዙም አይወርድም። የስኳር በሽታ የለብኝም፣ ኢንሱሊንም ወስጄ አላውቅም።

ሁሉም «ጾሙ ነው» አለ። እኔም ያልኩት እሱኑ ነው። ሆስፒታል የተቀበለችኝ ሐኪም ግን ወንበር ስባ አልጋዬ አጠገብ ተቀመጠችና «ዛሬ ስንት ሰው ነው የጾመው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ቤተ ክርስቲያኑ ሙሉ» አልኳት። «ታዲያ የወደቅሽው አንቺ ብቻ ለምንድን ነው?» አለችኝ። ይህ ጥያቄ ስምንት ዓመት ሙሉ ሳይታወቅ የቆየውን በሽታዬን አወጣው። ይህን የምጽፈው እንደኔ የሆነች ሴት ስምንት ዓመት እንዳትጠብቅ ነው።

ሐኪሟ ቀጥላ የጠየቀችኝ ስለ ወሊዴ ነበር። እውነቱን ለመናገር ከመውደቄ ጋር ምን እንዳገናኘው አልገባኝም። ልጄን የወለድኩት በ2002 ዓ.ም. ደሴ ነው። ልጁ በሰላም ወጣ፣ እኔ ግን ደሜ አልቆም አለ። ሦስት ከረጢት ደም ተሰጥቶኝ ተረፍኩ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ያለኝ ሁሉ እውነቱን ነበር። ችግሩ የመጣው ቤት ከገባሁ በኋላ ነው፤ ጡቴ ወተት አላወጣም። ጥቂት ቀንሶ ቢሆን አንድ ነገር ነው፤ ጭራሽ ጠብታ የለም። እናቴ አጥሚቱን፣ ገንፎውን፣ ተልባውን አፈራረቀችው፤ ጡቴ ግን አንድ ቀን እንኳ ሞልቶ አላመመኝም። አክስቴ ዓይን በልቷታል አለች። ልጄ በጣሳ ወተት አደገ።

ከዚያ የወር አበባዬ አልተመለሰም። የብብቴ ፀጉር ረገፈ። ሐምሌም ግንቦትም ይበርደኛል። ጠዋት ከአልጋ መነሣት ተራራ የመውጣት ያህል ነበር። ደሴም በኋላም አሜሪካ የሄድኩባቸው ክሊኒኮች አንዴ ደም ማነስ፣ አንዴ ጭንቀት፣ አንዴ የአራስ ቤት ብርድ አሉኝ። ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ምርመራ ሁለት ጊዜ ተሠርቶልኝ «ደህና ነው» ተብያለሁ። የተመረመረው ግን ቲኤስኤች የሚባለው ብቻ ነበር። ቲኤስኤች አንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ከምትባል ዕጢ ለታይሮይድ የሚወጣ ትእዛዝ ነው። ዕጢዋ ራሷ ስትጎዳ ታይሮይዱ ደክሞም ቢሆን ቲኤስኤች ደህና መስሎ ሊታይ ይችላል። ከጎኑ ፍሪ ቲ4 የሚባለው የታይሮይዱ የራሱ ሆርሞን ካልተለካ እውነቱ አይወጣም።

ኤምአርአይ ሲነሣ የፒቱታሪ ዕጢዬ ሥፍራ ባዶ ሊባል ምንም አልቀረውም። ዕጢዋ ከአፍንጫ ጀርባ፣ ራስ ቅል ሥር ባለች የአጥንት ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠች፣ አተር የምታህልና ግማሽ ግራም ገደማ የምትመዝን ናት። በእርግዝና ጊዜ ትተልቃለች፤ የሚደርሳት ደም ግን የዚያኑ ያህል አይጨምርም። እናት በወሊድ ብዙ ደም ከፈሰሳት ዕጢዋ ደም ታጣና ትሞታለች። ይህን በዝርዝር የጻፈው የግላስጎው ሐኪም ሃሮልድ ሺሃን ሲሆን ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1937 ነው፤ ሕመሙ እስከ ዛሬ ሺሃን ሲንድረም ይባላል። የወሊድ ደም መፍሰስ በፍጥነት በሚቆምበት አገር ብርቅ ሆኗል። ሴቶች ቤታቸው በሚወልዱበት፣ ደም በቅርብ በማይገኝበት አገር ግን አሁንም አለ። የኔ አገርም ከእነዚህ አንዷ ናት።

ሆርሞኖቼን ስለካ ያልወረደ አልነበረም ማለት ይቻላል። መጀመሪያ ሃይድሮኮርቲዞን ተጀመረልኝ፤ በረሃብና በሕመም ጊዜ ሰውነትን የሚያጸናውን ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን የሚተካ ነው፤ ከቀናት በኋላ የታይሮይድ ክኒኑ ተከተለ። ቅደም ተከተሉን ሐኪሟ ሦስት ጊዜ ደጋግማ ነገረችኝ፤ እኔም ልድገመው። ኮርቲሶል የሌለው ሰው የታይሮይድ መድኃኒት ቀድሞ ከጀመረ ሰውነቱ ያለችውን ኮርቲሶል በፍጥነት ይጨርስና ሕይወቱ አደጋ ላይ ይወድቃል። ሃይድሮኮርቲዞን በማይገኝበት ቦታ ሐኪሞች ፕሬድኒሶሎን ይሰጣሉ።

እዚህ ድረስ የብዙ የሺሃን ሕመምተኞች ታሪክ ነው። እኔን ዕረፍት የነሣኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፤ የስቅለት ዕለት ስኳሬ ለምን ወረደ? ሌሎቹን ምን ያዛቸው?

ይህን ለመረዳት ከሆድ መጀመር ያስፈልጋል። እንደ ብዙ ሰው እኔም ረሃብ ማለት የሆድ ባዶነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ጨጓራ ሲጎድል ግሬሊን የሚባል ሆርሞን ወደ ደም ይልካል። ከምግብ በፊት መጠኑ ወደ እጥፍ ገደማ ይወጣል፣ ከተበላ በኋላ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ይወርዳል። ያገኙት ማሳያሱ ኮጂማ እና ኬንጂ ካንጋዋ የሚባሉ ጃፓናውያን ተመራማሪዎች ናቸው፣ እ.ኤ.አ. በ1999። እነሱ ግን የረሃብን ሆርሞን አልነበረም የሚፈልጉት። ከሦስት ዓመት በፊት በፒቱታሪና በአንጎል ውስጥ አንድ ተቀባይ ተገኝቶ ነበር። ሰው ሠራሽ ቅመሞች ሲነኩት ፒቱታሪ የእድገት ሆርሞን ትለቃለች፤ ሰውነት ራሱ የሚልከው መልእክተኛ የትኛው እንደሆነ ግን ማንም አያውቅም። ቁልፉ የጠፋ ጓጉንቸር ነበር። ብዙዎች ቁልፉን አንጎል ውስጥ ሲፈልጉ እነዚህ ሰዎች ከአይጥ ጨጓራ አወጡት። ስሙንም ማደግ የሚል ትርጉም ካለው ጥንታዊ ሥር ወሰዱት። የምግብ ፍላጎት እንደሚያነሣሣ የታወቀው ከዚያ ወዲህ ነው።

እንግዲህ ግሬሊን ሁለት ቦታ ይደርሳል። አንዱ ከፒቱታሪ በላይ ያለው ሃይፖታላመስ የሚባለው የአንጎል ክፍል ነው። እዚያ «ብላ» ይላል፣ ፒቱታሪን የሚያነሣሣውን ሆርሞንም ያስለቅቃል። ሌላው ፒቱታሪ ራሷ ናት። ሁለቱ መልእክቶች አንድ ላይ ሲደርሷት የምትለቀው የእድገት ሆርሞን እያንዳንዳቸው ብቻቸውን ከሚያስለቅቁት ድምር ይበልጣል። በተቃራኒው ሶማቶስታቲን የሚባል ሌላ ሆርሞን ልጓም ሆኖ ይይዛታል። ግሬሊን ኮርቲሶልን የሚያዘውን ኤሲቲኤች እና የጡት ወተት የሚያስመጣውን ፕሮላክቲንንም በመጠኑ ከፍ ያደርጋል። የወር አበባን የሚመራውን ኤልኤች ግን ሲሰጥ ያዘገየዋል። ለእኔ ይህ የመጨረሻው ብዙ ነገር አስረዳኝ። የሚበላ በጠፋበት ጊዜ ሰውነት እርግዝናን ማቆየቱ ብልህነት ነው።

«የእድገት» የሚለው ስም ያሳስታል። ለልጅ ብቻ ይመስላል። አዋቂ ሰው ሲራብ ይህ ሆርሞን የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው፤ ስብ እንዲቃጠል፣ ጉበትም ስኳር እየሠራ ወደ ደም እንዲሰጥ ያግዛል። የሚገርመው ረሃብ ሲረዝም ጉበት ለዚያው ሆርሞን ግማሽ ጆሮውን ይደፍናል። ሆርሞኑ ከፍ ብሎ ሳለ የሚያሳድገው አይጂኤፍ ዋን ዝቅ ይላል። ማደጉ ይቆማል፣ ስንቁ ይቀጥላል።

ሐኪሟ አንድ የዳላስ ጥናት ነገረችኝ፤ እስከ ዛሬ ከሐሳቤ አልወጣም። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ፣ ከማይክል ብራውንና ከጆሴፍ ጎልድስታይን ቤተ ሙከራ ነው። የሚሠራ ግሬሊን እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦችንና ጤነኞቹን ምግባቸውን 60 በመቶ ቀነሱባቸው። ጤነኞቹ ከሱ እንጂ ስኳራቸው ጸና። ግሬሊን የሌላቸው ግን የሰውነታቸው ስብ ባለቀ ጊዜ ስኳራቸው ወርዶ ለሞት ደረሱ። ግሬሊን ወይም የእድገት ሆርሞን ሲሰጣቸው ዳኑ። ይህን ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ከጎኔ ሲሰግዱ ለነበሩት ጨጓራቸው ሲጣራ ፒቱታሪያቸው ሰምታ ነበር። የኔም ጨጓራ ተጣርቷል። የሚሰማው ጠፋ እንጂ። ኮርቲሶልም ጠፍቶ ስለነበር ሁለት ምሰሶ በአንድ ጊዜ ነው የወደቀብኝ።

በ2019 የፈረንጆች ዓመት የእድገት ሆርሞን ማነሱን የሚያረጋግጥ ምርመራ ታዘዘልኝ። ኢንሹራንሱ ያለ ውጤት መድኃኒቱን አልከፍልም ብሎ ነበር። የእድገት ሆርሞን ቀኑን ሙሉ ከፍ ዝቅ ስለሚል አንድ ጊዜ ደም ወስዶ መለካት ምንም አይናገርም። ዕጢዋን ቀስቅሶ ምላሿን ማየት ያስፈልጋል። የድሮው መንገድ ኢንሱሊን ወግቶ ስኳርን ማውረድ ነው፤ የስቅለትን ዕለት በፈቃዴ ልድገም ማለት ነው፣ ፈራሁት። እኔ የተመረመርኩት ማሲሞሬሊን በሚባል የሚጠጣ መድኃኒት ነው። የግሬሊንን ተቀባይ እንደ ግሬሊን የሚቀሰቅስ ሰው ሠራሽ ነገር ሲሆን አሜሪካ የፈቀደችው በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ነው። በአጭሩ የረሃብን ጥሪ በብርጭቆ አጠጡኝ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም እኔ ሳላውቅ ገብቼ ሌሊቱን በፍርሃት ነው ያደርኩት። ቢያንስ ስምንት ሰዓት መጾም ግድ ነው፤ የሃይድሮኮርቲዞኔን ነገር ግን ያለ ሐኪሟ ቃል አልነካሁትም። የምወስደውን መድኃኒት ሁሉ አስቀድመው ጠየቁኝ፣ ልቤንም በኢሲጂ አዩት፤ የልብ ምትን ከሚያዛቡ አንዳንድ መድኃኒቶች ጋር አይስማማምና ይህን ማንም እንዳይዘል። ነርሷ ዱቄቱን በውኃ በጠበጠችው። ልኩ በኪሎ ነው፤ 58 ኪሎ ስለነበርኩ 58 ሚሊ ሊትር፣ ከአንድ ሲኒ ቡና ብዙም የማይበልጥ። በ30 ሰከንድ ውስጥ ጨልጪው አለችኝ። ይመራል፣ ምላስ ላይም የብረት ጣዕም ይተዋል።

ክንዴ ላይ መርፌው እንደተተከለ ወንበር ላይ ጋደም አልኩ። ከነርሶቹ ክፍል የተጠበሰ ዳቦ ሽታ ይመጣል። ሃያ ደቂቃ ያህል እንደቆየሁ ሆዴ ጮኸ፤ ያ ሽታ አፌን ውኃ አስሞላው፤ ከዓመታት ወዲህ እንዲህ ያለ ርሃብ ተሰምቶኝ አያውቅም። በ30፣ በ45፣ በ60 እና በ90 ደቂቃ ደም ቀዱ። አራት ትንንሽ ብልቃጥ። እያንዳንዱ ሲሞላ በልቤ «እባክሽ ስሚ» እላለሁ፤ ለሞተች ዕጢ።

ውጤቱ ከሳምንት በኋላ መጣ። ከአራቱ ትልቁ 0.6 ነው። መድኃኒቱ ሲፈቀድ የተቀመጠው ወሰን 2.8 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ሲሆን ከዚያ በታች ከሆነ የእድገት ሆርሞን እጥረት አለ ይባላል። ሐኪሟን «ታዲያ ለምን ራበኝ?» አልኳት። ጥሪው አንጎልሽ ጋ ደርሷል፣ ርሃቡን የሰማው እሱ ነው፤ የተጎዳችው ከሥሩ ያለችው ዕጢ ናት አለችኝ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ስምንት ዓመት የተሸከምኩትን ጥፋተኝነት አወረደችልኝ። ሰነፍ አልነበርኩም፤ እምነቴም አልጎደለም።

ሕክምናውን ደግሞ ሳላጋንን ልናገር። የእድገት ሆርሞኑን ማታ ማታ በእስክሪብቶ መሳይ መርፌ ሆዴ ቆዳ ሥር እወጋለሁ፤ በ0.2 ሚሊግራም ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጣቶቼ አብጠው ቀለበቴ አልወጣ ብሎ ነበር። መጠኑ በአይጂኤፍ ዋን እየታየ በዝግታ ወጣ። በስድስተኛው ወር አካባቢ የአፓርታማዬን ሦስት ፎቅ ሳላርፍ ወጣሁ። አዲስ ሰው አልሆንኩም፣ ድካም የሚመጣበት ቀን አለ። ሁለት ነገር ግን ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። ኤስትሮጅን የሚባለውን የሴት ሆርሞን ክኒን በአፍ የምትወስድ ሴት የእድገት ሆርሞኑ ብዙ ካልተጨመረላት አይሠራላትም፤ የኔን ወደ ቆዳ ላይ መለጠፊያ ሲቀይሩት ነው ቁጥሩ የተስተካከለው። ሁለተኛው፣ የእድገት ሆርሞን ሲጀመር የሃይድሮኮርቲዞንና የታይሮይድ መድኃኒት ፍላጎት ሊጨምር ይችላል። እኔ ከጀመርኩ በኋላ እንደገና ማዞርና ማቅለሽለሽ ሲይዘኝ መርፌው አልተስማማኝም ብዬ ላቆመው ነበር፤ የጎደለው ግን ኮርቲሶል ነበር። ያልዳነ ካንሰር ላለበት ሰው ይህ መርፌ አይሰጥም።

ጾምን በተመለከተ ብዙ እህቶች በስልክ ይጠይቁኛል። ለነፍስ አባቴ የሆንኩትን ሁሉ ነገርኳቸው። «የጾም ምግብ ብዪ፣ ሰዓቱን ግን ተዪው፤ መድኃኒትሽን በጊዜው ዋጪ» አሉኝ። ስለዚህ ሁዳዴን ከሥጋና ከወተት እጾማለሁ፤ ጠዋት ግን ክኒኔን ከዋጥኩ በኋላ በሶ በጥብጬ እጠጣለሁ። አንዲት የወሎ ሙስሊም ጓደኛዬም ተመሳሳይ ሕመም አለባት፤ እሷ ከሐኪሟም ከሼኋም ጋር ተነጋግራ ረመዳንን ትታ ሚስኪን ታበላለች። ኮርቲሶል የሌለው ሰው ትኩሳት ሲይዘው መጠኑን በሐኪሙ መመሪያ ማሳደግ፣ ሲያስመልሰውና ክኒን ሆዱ አልይዝ ሲለው ደግሞ የሃይድሮኮርቲዞን መርፌ ተወግቶ ወደ ሆስፒታል መሮጥ አለበት። ቦርሳዬ ውስጥ መርፌው አለ፣ አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር ሕመሜ የተጻፈባት ትንሽ ሰሌዳ አለች። ልጄ መርፌውን መውጋት ብርቱካን ላይ ተለማምዷል፤ ስምንት ዓመቱ ሳለ።

አንድ ነገር ደግሞ የሚያስጨንቀኝ አለ። የወንድሜ ልጅ ጂም የሚሠራ ጎረምሳ ነው፤ የኔን ታሪክ ሲሰማ «እኔም እኮ እሱን ነው የምወስደው» ብሎ አንድ ብልቃጥ አሳየኝ። ኤምኬ-677 ይላል። እሱም የግሬሊንን ተቀባይ የሚቀሰቅስ ነው፤ የእድገት ሆርሞንን ይጨምራል፣ ያስርባልም። ግን ለማንም ሰው ሕክምና አልተፈቀደም። የደም ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ውኃ ያስቋጥራል፤ የዳሌ አጥንታቸው በተሰበረ አረጋውያን ላይ ይሞከር የነበረ ጥናትም በልብ ድካም ስጋት ሳያልቅ ቆሟል። አባቱ የስኳር ሕመምተኛ ነው። ብልቃጡን ይዤበት ወጣሁ፤ ለሁለት ሳምንት ኩርፊያው አልቀረልኝም፤ ሲመለስ ግን ስኳሩን አብረን ሄደን አስለካን።

ወር አበባዋ የቀረ ሴት ሁሉ ደግሞ እንደኔ ናት ማለት አይደለም። የመዘምራን ቡድናችን ውስጥ አንዲት ልጅ ክብደት እቀንሳለሁ ብላ እየሮጠችም እየተራበችም ስድስት ወር አበባ ቀርቶባታል። የሷ ፒቱታሪ ደህና ናት፤ ሥራዋን ያቆመችው የሚበላ እንደሌለ ስለተነገራት ነው። ልጅቷ መብላት ስትጀምር ተመለሰላት። የኔ ግን በምግብ አይመለስም። ልዩነቱን የሚያሳየው ምርመራ ነው እንጂ ግምት አይደለም።

ባለፈው ጥር አራስ ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ልጅቱ በወሊድ ብዙ ደም ፈሷት ነበር፤ በአራተኛው ቀን ጡቷ ገና አልሞላም፤ ሴቶቹ ዙሪያዋን ከበው አጥሚት ይቀዱላታል። ገንፎውን አብሬ በላሁ፤ ሲወጡ ቆየሁና ወረቀት ላይ ጻፍኩላት፦ ጠዋት በ2 ሰዓት የሚቀዳ ኮርቲሶል፣ ፍሪ ቲ4 ከቲኤስኤች ጋር፣ ፕሮላክቲን፣ ሶዲየም። «ለሐኪምሽ ደም ፈሶኝ ነበር፣ ወተትም አልመጣም በይው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ንገሪው» አልኳት። በስድስተኛው ቀን ደወለችልኝ። ምርመራው ደህና ነው፣ ወተቱም መጥቷል፤ ልጁ ሲጠባ በስልኩ ይሰማኝ ነበር።